አክስቴ በማይክ የፈወሰችኝ እሑድ

አክስቴን አልወዳትም። ይኼን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም ትልቁ አንጀቴ ቆስሎ ደም እያስቀመጠኝ ከሰውነት ተራ ወጥቼ ነበር። አዲስ አበባ ሐኪሞች አንጀቱን እንዳለ አወጡት፤ ከቀጭኑ አንጀት ጫፍ ከረጢት ሠርተው ከታች ከመቀመጫዬ ጋር አገናኙልኝ። ዳንኩ። ማለቴ፣ ደሙ ቆመ። ሽንት ቤት ግን ዛሬም በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ እመላለሳለሁ። ከረጢቱ አንዳንዴ ይቆጣና ትኩሳት ይለቅብኛል፤ ያኔ መድኃኒት እውጣለሁ። ከአዳማ ሻሸመኔ በሚኒባስ የምሄድ ከሆነ ከዋዜማው ጀምሬ እህል አልቀምስም። ቤተሰቤ ግን የመቀመጫ ነገር ነውር ነው ብሎ ለሰው «ሆዷን አሟት ነበር» ብቻ ነው ያለው።

አክስቴ ሁሉንም ታውቃለች። ሆስፒታል ያስታመመችኝ እሷ ናት፣ ውለታዋን አልክድም። ባለፈው እሑድ ግን ቤተ ክርስቲያናችን በምስክርነት ሰዓት ማይኩን ጨበጠችና፣ «ሐኪም ተስፋ የቆረጠባትን የእህቴን ልጅ ጌታ ያለ ቢላዋ ፈወሳት! ዛሬ ክኒን የሚባል አታውቅም!» አለች። ጉባኤው እልል አለ። እኔስ የት ነበርኩ? ሽንት ቤት! ስመለስ ሰው ሁሉ እያቀፈ ይስመኛል፣ ምኑም አልገባኝም።

የገባኝ ማክሰኞ ነው። የጎረቤታችን ልጅ የእኔው በሽታ ይዟት ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ ነበራት። እናትየው ፊቷ በርቶ፣ «እሑድ አክስትሽ ስትመሰክር ሰምተን ቀጠሮውን ተውነው፤ አንቺን ያለ ቢላዋ የፈወሰ ጌታ እሷንም ይፈውሳል» አለችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ደሜ ፈላ። በቀጥታ አክስቴ ቤት።

«ምን ነካሽ? ለምን ዋሸሽ?»

«ሐኪሙንስ ያስነሳው ማን ሆነና? ደግሞ ሴት ልጅ ስለ መቀመጫዋ በአደባባይ ይወራላታል? ነውር አይደለም?»

«ነውሩ ያቺ ልጅ ስትሞት ነው!»

ክንዷን ይዤ ጎረቤት ግቢ እየጎተትኩ ወሰድኳት። «በይ፣ እዚህም መስክሪ» አልኳት። ማይክ ላይ የተንበለበለችው ሴትዮ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ስለዚህ ሸሚዜን ገለብኩና ከእምብርቴ በላይ ጀምሮ እስከ ታች የወረደውን ጠባሳ ለእናትየው አሳየኋት።

«ይኸው ቢላዋው። ክኒኑም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።»

እናትየው ጠባሳውን አየች፣ አክስቴን አየች። አክስቴ መሬት መሬቱን ታያለች። ይበላት!

ልጅቷ ግን ጠባሳውን ትታ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

«ከባድ ነው?» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ እኔም መዋሸት አማረኝ።

«ከባድ ነው» አልኳት። «ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሳታዪ የትም አትቀመጪም። ሌሊትም ይቀሰቅስሻል። ደም ግን አታዪም።»

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ለሐኪሙ ደውዪለት።»