«ለቤተሰብ እንዳይነገር!»

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት ነው። የሰማው ሁሉ ይስቃል።

የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። ያን ቀን ባለቤቴ ለሥራ ከሄደበት ከጎርጎራ በጀልባ እየተመለሰ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የጣናን ሐይቅ አናወጠው። ብደውል፣ ብደውል ስልኩ አይሠራም።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ሰላም ክፍሏን ዘግታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስልኳ ላይ ተጥዳለች። በበሩ ሳልፍ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ጀልባዋ ተገልብጣለች! የጠፉ ሰዎች አሉ!»

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍሁ። እሷ ቀጠለች፦ «እስኪረጋገጥ ድረስ ለቤተሰብ እንዳይነገር!»

በሩን በረገድሁት። ፊቷ ቀልቷል። በእጇ ወደ ውጭ እየጠቆመች፣ «እማዬ በናትሽ፣ አሁን አትግቢ!» አለችኝ።

መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ አጥቼው ነው? የወንድሜን ሞት ዘመድ አዝማድ ሰምቶ እኔ ሳልሰማ ስንት ቀን ስስቅ ከርሜያለሁ። እኔም ለስንቱ ደብቄያለሁ። ስለዚህ ሌላ አልጠየቅሁም። ግቢ ወጥቼ «ኡኡ! ጀልባው ተገለበጠ!» አልሁ።

ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ።

ይሄኔ ሰላም እየሳቀች ብቅ አለች። «እማዬ፣ ሁሉንም አዳንናቸው!»

«አባትሽንስ?» አልኋት።

ሳቋ ጠፋ። «አባዬ ምን ሆነ?» የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ ጮኻ ተዘረጋች። እኔ እሷን ሰምቼ ነው የማለቅሰው፤ እሷ ደግሞ እኔን አይታ! ማን ምን እንደሚያውቅ ጨርሶ ግራ ገባኝ።

በዚህ መሀል ባለቤቴ ዓሣ አንጠልጥሎ በአጥሩ በር ገባ። ሰዉን ሲያይ ዓሣው ከእጁ ወደቀ።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

እትዬ ዘውዴ፣ «አንተ ነህ እንጂ ማን ነው!» አሉት።

ለካ የሰላም ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በየቤታቸው እንዳሉ በኢንተርኔት አገናኝቶ፣ አደጋ ሲደርስ በቡድን ሰው ማዳን ያለማምዳቸው ኖሯል። ጀልባዋም የጠፉትም ሰዎች ስልኩ ውስጥ ብቻ ነበሩ።

አሁን ሰላም ልምምድ ሲኖራት አስቀድማ ለሰፈሩ ሁሉ ትናገራለች። ባለቤቴም «ተዝካሬን ሳትበሉ ደረስሁባችሁ» እያለ ይቀልዳል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጀልባ በተሳፈረ ቁጥር ግን ደውሎ «ደርሻለሁ» ቢለኝም፣ በአጥሩ በር ሲገባ ካላየሁት አላምነውም።