ሆዷን የቀደደው ሐኪም

ጎረቤቴ ኢፍራህ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ ሐኪሙ ጊዜ እያለው አስተርጓሚ አልጠራም። ምንም ሳያስረዳት ሆዷን ቀዶ አዋለዳት። እሷም ቂሟን ይዛ ኖረች። ዛሬ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ሶማሌ ነፍሰ ጡሮች አንድ ላይ ክትትል የሚያደርጉበትን ቡድን ትመራለች፤ በቋንቋቸው፣ ወንድ በሌለበት ይመካከራሉ።

ሰሞኑን ያው ሐኪም ቡድኑ ዘንድ መጣ።

«ታካሚዎቼ እየሸሹኝ ነው፤ እስቲ ላናግራቸው» አላት።

«መጀመሪያ የእኔን ሆድ ለምን እንደቀደድክ ንገራቸው። ማስተርጎሙን ለእኔ ተወው።»

«እሱማ ቆይቷል፤ አላስታውስም።»

ኢፍራህ ፈገግ ብላ ወደ ሴቶቹ ዞረችና ያለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ በሶማሊኛ ነገረቻቸው። እስከዚያ ድረስ እሱ ዘንድ ይከታተሉ የነበሩትም በዚያው ሳምንት ሐኪም ቀየሩ። ወደ አዲሷ አዋላጅ በመኪናዋ ያደረሰቻቸው ራሷ ኢፍራህ ናት፤ መንገዱን ሙሉ ስታንጎራጉር ነበር አሉኝ። እሰይ፣ የኔ ልጅ።