ከተሻገረ በኋላ የተመለሰው ሾፌር

ፅዮን ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አያቷ በውትድርና መጥተው እዚያው የቀሩ። በድርቁ ዘመን ውሃ በቦቴ በሚያከፋፍል አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጠረች። ቦቴዎቹ ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ ኔትወርክ ሲያገኝ የሄደበትን መንገድ ይልካል፤ የቀረው ጅግጅጋ፣ ደምበል ወይም ጉናጋዶ ሲደርሱ በገመድ ይገለበጣል። የሦስቱ ቢሮዎች ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ነገር እንዲይዙ ማድረግ፣ የተደበላለቀውን መለየትና የተደገመውን ማጥፋት የእሷ ሥራ ነበር። ሾፌሮቹን በመልክ ሳታውቅ በመስመራቸው ታውቃቸው ነበር። ዋበሪ ከደምበል ሲመለስ መንገድ ላይ ቆም ማለት ይወድ ነበር፤ ለሚስቱ ለኢስተሂል የግመል ወተት ሊገዛ።

በ2015 በልግ፣ ድርቁን የሰበረው ዝናብ ዋበሪን ወሰደው። ደምበል አጠገብ ደርቆ የከረመው ወንዝ ድንገት ሞልቶ ቦቴውን ጠረገው። አስከሬኑ በማግስቱ ተገኝቶ ተቀበረ። “ጎርፉን እያየ ገባ፤ ችኮላ ነው የበላው” ተባለ፤ ቢሮውም ይህንኑ ይዞ ቀረ። ኢስተሂል ለቅሶ ላይ ሲያወሩት እየሰማች አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር።

ለቅሶው ሲያበቃ ፅዮን የዋበሪን ጉዞዎች ለብቻ አስቀምጣ ከዕለቱ ሥራ ላይ አጠፋቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ስትከፍት ስሙ ከሌሎቹ ሾፌሮች መሀል አለ። አጠፋችው። ተመለሰ። እንደገና ስታጠፋው የመጨረሻው ጉዞ ረዝሞ መጣ። የሞተ ሰው መንገድ እንዴት ይረዝማል?

ኮምፒውተር የሚጠግነው ደበሌ ሳቀባት። “መንፈስ አይደለም፣ ደምበል ነው። አንቺ እዚህ ስታጠፊ እዚያ ያለው ማሽን ‘ጠፋባት’ ብሎ መልሶ ይልክልሻል።”

“እሺ፣ የረዘመውስ?”

ደበሌ ደምበል ደወለ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። “ቦቴውን ከጭቃ ሲያወጡት ጂፒኤሱን አግኝተው ገልብጠውታል። በጎርፉ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ነው እስከ ዛሬ ያልደረሰን።”

ፅዮን መስመሩን በጣቷ ተከተለች። ወንዙን ተሻግሯል። ወደ ከፍታው ወጥቶ ቆሟል። ከዚያ ዞሮ ወደ ወንዙ ወርዷል፤ መሀል ላይ ተቋርጧል።

“ተሻግሮ ነበር” አለች።

የደምበሉን ኮምፒውተር ለማየት ብላ በቢሮ መኪና ሄደች። ቦቴው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ በእንጨትና በሸራ የተሠራች ሻይ ቤት አለች። ባለቤቷ ሀምዲያ የምትባል ሴት ናት።

“ኤዶ” አለቻት ፅዮን፣ በአገሩ አክስትን እንደሚጠሩት፤ “ጎርፉ ቦቴ የወሰደ ቀን እዚህ ነበሩ?”

ሀምዲያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። “ማን ላከሽ?”

“ማንም። እዚህ መቆሙን አይቼ ነው።”

“ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ልጄ ማዶ ቀርታብኝ ነበር። እየጮህኩ በሩን ደበደብኩበት። ‘ይዣት እመጣለሁ፣ ኤዶ’ አለኝ።”

“ልጅቷስ?”

“ሰዎች ቀድመው እዚያው ማዶ ኮረብታ ላይ አውጥተዋት ኖሯል። ወላሂ አላወቅኩም! እሱ መሀል ሲደርስ እጇን እያወዛወዘች አየኋት። ተመለስ ብዬ ጮህኩ። የውሃው ጩኸት ከእኔ በለጠ።” ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። “ለማን ልናገር? ቀብሩ ላይ እንኳ ከሩቅ ነው የቆምኩት።”

ፅዮን ጅግጅጋ ስትመለስ በቀጥታ ኢስተሂል ቤት ሄዳ ላፕቶፑን ከፈተችላት፤ የሰማችውንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ኢስተሂል ቦቴው የቆመበት ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ወንዙ አወረደችው፤ መስመሩ ካለቀበት አላነሳችውም።

“ልጅቷ ስሟ ማን ነው?”

ፅዮን አልጠየቀችም ነበር።

ኢስተሂል ራሷ ልትጠይቅ ደምበል ሄደች። ከሀምዲያ ጋር የተባባሉትን የሰማ የለም። ስትመለስ ግን ባሏን ቸኳይ ያሉትን ሁሉ ቤታቸው ድረስ እየሄደች፣ ዞሮ የገባው የሌላ ሰው ልጅ ሊያወጣ መሆኑን ነገረች።

ፅዮን ዛሬም እዚያው ቢሮ ናት። ዝናብ በጣለ ቀን ስክሪኑ ላይ አንድ ቦቴ ያ ወንዝ ዳር ደርሶ ሲቆም፣ እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ወዴት እንደሚዞር ትጠብቃለች። እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቢያናግሯትም አትሰማም።