ብርጭቆ ውስጥ ያደረችው ጎሚኒ

ጋሼ አካሉ ፍሬን ሲሠሩ አይናገሩም ነበር። ሞተር ሲፈቱ ይቀልዳሉ፣ ካምቢዮ ሲያወርዱ ያንጎራጉራሉ፤ ፍሬን ላይ ሲደርሱ ግን አፋቸው ይዘጋል። አባታቸው ጣና ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ዳዊታቸውን አጥፈው ጋራዥ ቢገቡም፣ አንድ ፊደል እንዳትሳሳት የሚለው የቤተ ክህነት ጥንቃቄ አብሯቸው ገብቷል።

እኔ ሰገነት፣ እሳቸው በሚሠሩበት፣ በሹም አቦ ሰፈር በነበረው የመንግሥት ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ክፍል፣ ሦስት መደርደሪያና አንድ ቁልፍ ነው። አዲሱን ዕቃ አስፈርሜ አወጣለሁ፤ አሮጌውን ተቀብዬ፣ ማንም መልሶ እንዳይሸጠው በቢላዋ እቆራርጣለሁ።

ጋሼ አካሉ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከመንግሥት የመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ጎሚኒ በመጣ ቁጥር አንዷን የፍሬን ዘይት በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ያሳድሯታል። ጎሚኒ ማለት የጠርሙስ ክዳን የምታህል የላስቲክ ቁራጭ ናት። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ዘይቱ እሷን ይገፋል፣ እሷ ጎማውን የሚይዘውን የፍሬን ሸራ ትገፋለች፣ መኪናው ይቆማል። ደህናዋ ጎሚኒ ዘይት ውስጥ ብታድር እንደነበረች ናት። ብልሿ ግን ውኃ ውስጥ እንዳደረ ሽምብራ ታብጣለች። ብርጭቆዋ ላይ ቀኑንና የመኪናውን ቁጥር የያዘ ወረቀት ይለጥፋሉ፤ እሳቸው ይፈርማሉ፣ እኔም ከሥር እፈርማለሁ፤ ከዚያ የእኔ መደርደሪያ ላይ ታድራለች።

ቀደም ሲል ሌላም ልማድ ነበራቸው። ፍሬኑን የሠሩት መኪና የመጀመሪያ ጉዞውን ሲሄድ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከሹፌሩ ጎን ይቀመጡ ነበር፤ ያውም መንገዱ የትም ድረስ ቢሆን። ይህንን የጋራዡ የፖለቲካ ውይይት ክበብ የሥራ ሰዓት ማባከን ነው ብሎ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ የከተማውን ድልድይ ተሻግሮ እስከ ዓባይ ማዶ ደርሶ መመለስ ብቻ ሆነ። ዓባይ ማዶ ድረስ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ሁሉም ፍሬን ጨዋ ነው።

በ፲፱፻፸፮ ነሐሴ መጨረሻ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ስለሆነ አንድ የኪነት ቡድን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ እንዲያሳይ ታዘዘ። አርባ ሁለት ሰው፣ አብዛኞቹ የፋብሪካ ልጆች። የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ፍሬኑ አልቆ እኛ ጋ መጣ። ከሱቁ አሥር ጎሚኒ ተሰጠን። ጋሼ አካሉ አንዷ ትደር ቢሉ የጋራዡ ኃላፊ አልሰማቸውም፤ ዛሬውኑ ይገጠም አለ። ስምንቱን ገጠሙ፤ ዘጠነኛዋን ግን ልማዳቸው ነውና ብርጭቆ ውስጥ ጨመሯት። ዓባይ ማዶ ሄደው ሞከሩት፤ ደህና ያዘ። ፈረሙ። እኔም አሮጌዎቹን ቆራርጬ ጣልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ጎሚኒዋ ብርጭቆዋን ሞልታ አየኋት። ጋሼ አካሉን ጠራኋቸው። መጥተው ቆመው ተመለከቷት፤ ከዚያ በርሜል ላይ ቁጭ አሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ስምንቱም እንደዚያው እያበጡ ነበር። ያበጠች ጎሚኒ ትነክሳለች፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ ጎማው ይያዛል፣ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መጨረሻ ላይ ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። አውቶቡሱ በነጋታው ንጋት ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ሊወርድ ነው። የምንመልሰው አሮጌ ጎሚኒ የለም፤ እኔው ራሴ ቆራርጬዋለሁ።

ለኃላፊው ለምን አልነገራችሁትም ትሉኝ ይሆናል። ያን ዘመን ያየ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ብልሽ ነው ካልን፣ ታዲያ ለምን ገጥማችሁ ፈረማችሁ ነው የሚመጣው። ከዚያ አሻጥር የሚለው ቃል ይከተላል። የጋሼ አካሉ ታናሽ ወንድም በሰባው ዓመተ ምሕረት ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለዚህ ጎሚኒዎቹን ከሱቁ አስለውጠን በዝምታ እንገጥማለን ብለን ተስማማን። እኔ ብርጭቆዋንና የተረፈችውን አሥረኛ ጎሚኒ ይዤ ሱቁ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ አምሐ የሚባል ሻጭ ነበር፤ ደንበኛ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር። ከጀርባው «የወጣ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ከአንድ ሰዓት በላይ አቆመኝ። ተራዬ ሲደርስ ብርጭቆዋን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አያት፤ ማበጧን ያየ መሰለኝና ደስ አለኝ። እሱ ግን መሳቢያውን ስቦ ደብተር አወጣ።

«ጓድ ሰገነት፣ ይህ ዕቃ ከወዳጅ አገር የመጣ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብልሽ ነው ያለው ማነው?»

እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል ማለትም እችል ነበር።

«አካሉ ነው። መካኒኩ» አልኩ።

ጻፈው። አሥረኛዋን ጎሚኒ ለማጣራት ብሎ አስቀራት፤ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጎ መለሰልኝ። ለውጥ የለም።

ጋራዥ ስመለስ ጋሼ አካሉ በሰጋቱራ እጃቸውን ያሹ ነበር። ስማቸውን እንደተናገርኩ ስነግራቸው እጃቸውን ማሸት አላቆሙም።

«ፈርተሽ ነው ልጄ» አሉ። «እኔም ፈርቻለሁ።»

በነጋታው ንጋት ላይ አውቶቡሱ ከበሮና ልጆች ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። ልጆቹ ከወዲሁ ይዘፍናሉ። ጋሼ አካሉ ጋቢያቸውን ደርበው የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው መጡ። ኃላፊው ወዴት ነው ሲላቸው የሞተሩ ድምፅ ስላላማራቸው መንገድ ላይ ሊያዳምጡት እንደሆነ ነገሩት። ሹፌሩ አስማማው የድሮውን ልማድ ያውቃል፤ ሳጥኑ ጭናቸው ላይ ሲያርፍ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ጋሼ አካሉ በመስኮቱ ጠቀሱኝና ቀረብኩ።

«ሰገነት፣ ብርጭቆዋን አትድፊያት» አሉኝ። «እኔን የሚያምነኝ ቢጠፋ እንኳ እሷን ያምናሉ።»

እሺ ጋሼ አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት፤ ይህን እመኑኝ።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ አንድ ላንድሮቨር መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ካኪ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወረዱ። እኔ በመስኮት አየኋቸውና የአምሐ ደብተር ትዝ አለኝ። መጡ፣ አልኩ በልቤ። ብርጭቆዋ መደርደሪያው ላይ ነች፤ ወረቀቷ ላይ የእኔ ፊርማ አለ። ምን እንዳደረግኩ አሁንም እጄ ያስታውሰዋል። ዘይቱን ቦይ ውስጥ ደፋሁት፣ ወረቀቱን ቆራርጬ ከጎሚኒዋ ጋር ሽንት ቤት ጣልኩት፣ ብርጭቆዋን አጠብኳት። ሰዎቹ በር ላይ ደርሰው ሰላምታ ሰጡኝ።

ጎማቸው ቀንሶባቸው ነው። አየር አስሞልተው፣ አመስግነውኝ ሄዱ።

የመንገዱን ነገር በኋላ አስማማው ነገረኝ። ገና መራዊ ላይ ሲደርሱ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ጎማዎቹ ላይ ውኃ አፈሰሱ፤ እየጮኸ ተነነ። ጋሼ አካሉ በየከተማው እየወረዱ፣ ጭቃው ውስጥ ተንጋለው ፍሬኑን ሲያላሉት፣ ሲያላሉት ሄዱ። የቡድኑ አለቃ በዓሉ ሊያመልጠን ነው እያለ ይጮኽባቸዋል። ደጀን አልፈው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት አፍ ላይ ሲደርሱ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ አስማማው ፍሬኑን ቢረግጠው እግሩ ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም አቆመው።

ጋሼ አካሉ ያኔ ተነሥተው በአርባ ሁለት ሰው ፊት ተናገሩ።

«ይህ አውቶቡስ አይወርድም። ፍሬን የለውም። የገጠምሁት ዕቃ ብልሽ ነው።»

አለቃው ቢያስፈራራቸው ወረዱና የፊቱን ጎማ ፈትተው መንገድ ዳር አጋደሙት፤ መልሰውም አልገጥምም አሉ። ልጆቹ በዝናብ ወደ ደጀን በእግር ተመለሱ። በዓሉ አለፋቸው። አንድም ሰው አልሞተም። ጋሼ አካሉ እዚያው ደጀን ተያዙ።

በአራተኛው ቀን አንድ መርማሪ ወደ እኔ መጣ። እውነተኛው እሱ ነበር፤ ብቻውን፣ በእግሩ፣ ለስላሳ ሰው። የሚጠጣ ውኃ ለመነኝና ሰጠሁት፤ በዚያችው ብርጭቆ መሆኑን ያየሁት ሲጠጣ ነው። አካሉ የፍሬን ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ቀላቅሎ ጎሚኒውን ሆን ብሎ አሳብጧል ተብሎ መከሰሱን ነገረኝ።

«እሱ ግን ምስክሬ ሰገነት ዘንድ ያለች ብርጭቆ ናት ይላል» አለ። «በንጹሕ ዘይት ያበጠች ጎሚኒ ውስጧ አለች፣ ቀንና ፊርማም አለባት ነው የሚለው። ካለች አሳዪኝ፤ ነገሩን ታቀልልናለች።»

ለመስማት የመጣ ሰው ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ደፋኋት ብዬ ብነግረው ራሱ ምስክርነት ይሆን ነበር፤ ግን ለምን ደፋሻት የሚለው ጥያቄ ፊቴ ተደቀነ።

«የማውቃት ብርጭቆ የለችም» አልኩ።

መርማሪው ወደ መደርደሪያው አየ። እንጨቱ ላይ ብርጭቆዋ ለዓመታት ያደረችበት ክብ የዘይት ምልክት አለ። ረጅም ጊዜ ተመለከተው፣ ከዚያ እኔን ተመለከተኝ፣ የያዘውን ወረቀት አጥፎ ሄደ።

ጋሼ አካሉ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ፀጉራቸው ነጭ ሆኖ፣ አንድ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ፍሬን እንደሳቸው የሚሠራ ስላልተገኘ በቀን ሠራተኛነት መልሰው ቀጠሯቸው። ስለ ብርጭቆዋ አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ እያንዳንዱን ጠዋት በፍርሃት ነበር የምገባው። አልጠየቁኝም።

የመጀመሪያው የጎሚኒ ካርቶን የመጣ ዕለት ብርጭቆ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። አንዷን ጎሚኒ ጨምረው ዘይት ሞሉባት፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጽፈው ፈረሙ። እኔም እንደ ድሮው እስክሪብቶውን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

«ግድ የለም ልጄ፣ አንቺ አትፈርሚ» አሉኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም።

መደርደሪያው ላይ ቦታዋን ጠርጌ አዘጋጅቼላት ነበር። እሳቸው ግን ብርጭቆዋን በጨርቅ ጠቅልለው አነሧት። ቤታቸው ልታድር ነው። ዘይቱ እንዳይፈስ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ቀስ ብለው በበሩ ወጡ።