እህቴና ጥቁር ሰሌዳው

ሰዎች ስለ ግል ትምህርት ቤት ጥቅም ሲከራከሩ እንግሊዝኛውንና የደንብ ልብሱን ይቆጥራሉ። እኔ የማውቀው ጥቅም አንድ ነው፤ መምህሬ ፊቴን የሚያዩበት ጊዜ ነበራቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ግን እህቴ ትዝ ትለኝና ደስታዬ ይጎመዝዛል።

በጃንሆይ ዘመን ቢቸና የመንግሥት ትምህርት ቤት አብረን ገባን። ክፍሉ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ተጣበን ነበር የምንቀመጠው። እኔ አጭር ስለነበርኩ ከፊት፣ ታላቄ ደግሞ ረጅም ስለነበረች ከኋላ። ከሰሌዳው እንድታነብ ስትጠየቅ ዝም ትላለች፤ ትገረፋለች። ቤትም ትምህርት አይገባትም ተባለ። አባታችን አስወጧትና ፈትል ያዘች፤ ብዙም ሳትቆይ ተዳረች። አባቴም ለዚህችኛዋ እንኳ ልልፋ ብለው ሞጣ አክስቴ ቤት ላኩኝ። እዚያ በግል የተከፈተ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበር።

የክፍሉ ተማሪ ጥቂት ስለሆነ እንደ ልባችን ተራርቀን ተቀመጥን። እኔም ከኋላ ደረሰኝ። መምህሬ ዐይኔን አጥብቤ ሳፈጥ አዩኝና ከሰሌዳው አንድ ቃል እንዳነብ ጠየቁኝ። አልቻልኩም። አልተቆጡም፤ ማንበብ እስክችል ድረስ ቀስ እያሉ ወደፊት አስጠጉኝ። ከዚያ አክስቴን አስጠርተው ልጅቷ ዐይኗን ትታከም አሏት። የአክስቴ ባል ለንግዱ ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ፤ መነጽር አድርጌ ተመለስኩ።

ለፋሲካ ቢቸና ስገባ እህቴም ከባሏ ቤት መጥታ ነበር። ሰፈሩ ሲስቅብኝ እሷ ግን እስቲ አምጪው ብላ መነጽሩን አደረገችው። ደጃፉ ላይ ቆማ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጆቹ ሰሌዳውን እያዩ ነበር የሚያነቡት?»

«ታዲያ ምን እያዩ ያነባሉ?» አልኳት።

«እኔማ እንደ ዳዊት በቃላቸው አጥንተው የሚመጡ ነበር የሚመስለኝ። እኔ ብቻ የማይያዝልኝ።»

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል። እናቴ እንዳልሰማች ሆና ወደ ጓዳ ገባች። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ወደ ፊት ቀረብ በይ ቢላት ኖሮ! ዛሬም አንጀቴን ያሳርረኛል።

እህቴ መነጽሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችልኝና፣ አማቷ እንዳይቆጡ ሳይመሽ ልሂድ አለች። አባቴ ተነሥተው እስከ ወንዙ ሸኟት። ከዚያ በፊት ሸኝተዋት አያውቁም።