የአንድ ሳምንት ሀብታም

ሂዩበርት ኦለረንሾ መዋሸት አያውቅም ነበር። ጠባዩ የሚያስመሰግን ነው፤ ይሁን እንጂ እውነትም አያያዝ ይፈልጋልና፣ በገዛ እውነቱ ቤቱን ሊያጣ ምንም አልቀረው።

በክሊቭበርን የባሕር ዳርቻ ሕፃናትን አሸዋ ለአሸዋ የሚያንሸራሽሩ አራት አህዮች ነበሩት። ገቢው የሰማዩን ፊት ይከተላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሕፃናቱ ይሰለፋሉ፣ ሲዘንብ ሂዩበርትና አህዮቹ ይተያያሉ። ጡረታው ለኪራይ ስለማይበቃ ማዘጋጃ ቤቱ ይደጉመዋል፤ ገቢው ሲጨምር ድጎማው ይቀንሳል። «ገቢዎ ሲለወጥ ያሳውቁን» ተብሏል። እርሱም ደመና በመጣና በሄደ ቁጥር ያሳውቅ ነበር።

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን የሳንቲም ጣሳውን ተሸክሞ ሄዶ፣ በድጎማ ሠራተኛዋ በሞሪን ክሌግ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው።

«ልጄ፣ ሀብታም ሆኛለሁ። ድጎማውን አቁሙት።»

«የሳምንት ገቢዎ ይህን ያህል ነው?»

«ይኸው፣ በዐይንሽ እያየሽው!»

ሞሪን ያየችውን መዘገበች፤ ድጎማውም ቆመ። ሙቀቱ አለፈ፤ ዝናቡ መጣ። የቤቱ ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈለ ክፍሉን እንዲለቅ ነገረችው። ሂዩበርት ባዶ ጣሳውን ይዞ ተመለሰ።

«አባባ፣ የዓመቱን ገቢ ያምጡልኝና ለሳምንቶቹ ላካፍለው» አለች ሞሪን።

«የደጉን ሳምንት ገንዘብ በክፉው ላበርዘው? ወተት ላይ ውኃ የሚጨምር ሰው አድርገሽ ነው የምታዪኝ?»

«አማካይ ነው እንጂ ብረዛ አይደለም!»

«አንዷ አህያዬ ግትር ናት፣ አንዷ ሰነፍ። አማካይ አህያ ግን አይቼ አላውቅም።»

ይሁንና የክፍሉ ነገር አስጨንቆታልና፣ እያጉረመረመ የዓመቱን ገቢ ነገራት። ሞሪን ብታካፍለውም ገቢው አሁንም ከፍ ብሎ ታያት። ይህን እያገኘ ኪራይ እንዴት እንደሚያጥረው ስላልገባት፣ ዓርብ ዕለት የልጅ ልጇን ይዛ ወደ አህዮቹ በረት ሄደች። ትንሿ ልጅ አጋታ የምትባለውን አህያ እንዳየች ልቀመጥባት ብላ አለቀሰች። ሞሪን ገንዘብ አወጣች።

«አይሆንም» አለ ሂዩበርት። «ዓርብ የዕረፍት ቀናቸው ነው።»

«አባባ፣ ከቤት ሊወጡ ነው እኮ!»

«እኔ ልውጣ። አጋታ ግን ትረፍ።»

ሞሪን የተቆለለውን ድርቆሽ አየች። «ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?»

«እነሱ ናቸዋ። እኔማ ጥርስም የለኝ።»

«የሚገዛውስ? ሰኮናቸውን የሚከረክመውና ሐኪሙስ በማን ገንዘብ ይከፈላሉ?»

«በእኔ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን ከገቢዎ አልቀነሱትም? የሥራ ወጪ ነው!»

ሂዩበርት የአጋታን ጆሮዎች በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቀስ በይ! ሰው የልጆቹን ቀለብ ወጪ ይላል? አንቺ ይህችን ልጅ ቁርስ ስታበያት ወጪዬ ነሽ ትያታለሽ?»

«አልላትም፤ ግን እንደ አህዮችዎ ሰው ተሸክማ ኪራዬን አትከፍልልኝም» አለች ሞሪን።

ሂዩበርት የአጋታን ጆሮዎች ለቀቀ። ከአህዮቹ ራቅ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የድርቆሹን ዋጋ ነገራት። ለመቀበል ችኩል የሆነ ሰው ብዙ ነው፤ የሚገባውን ለመቀበል ያፈረ ግን ሊረዱት የሚገባ ነው። ሞሪንም ሒሳቡን አስተካከለች፤ ድጎማው ተመለሰ፤ የቀረበትም ተከፈለው፤ ክፍሉም ተረፈለት።

ቅዳሜ ትንሿ ልጅ ተመልሳ መጥታ አጋታን ጋለበች፤ ሞሪንም ከፈለች። ሰኞ ቢሮው ሲከፈት በሩ ላይ የቆመው ሂዩበርት ነበር።

«ምን ሆኑ ደግሞ?»

«ገቢዬ ተለውጧል» አለ ጣሳውን እያንኳኳ። «ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ ሦስት ፓውንድ ከፍላኛለች።»

«እኔ ነኝ እኮ የከፈልኩዎት!»

«ታዲያ አውቀሽ ዝም ልትይ ነበር?» ሲል ገሠጻት፤ ወንበር ስቦም ተቀመጠ።