መሐንዲስ እንድሪስና የዘይት መጭመቂያው ቧንቧ

የመሐንዲስ እንድሪስ ይማምን ሞት የሰማሁት ሰንበቴ ገበያ ላይ ነው። የነገረኝ የእህታቸው ልጅ ነበር። «ጋሽ አሊ፣ አጎቴ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፉ» አለኝ። «አላህ ይዘንላቸው» አልሁና የጀመርሁትን ግብይት ጨረስሁ። ለምን እንደ ጨረስሁ አላውቅም። ከዚያ ወደ ከሚሴ ሄድሁ።

ለምታውቋቸው ሁሉ አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ።

መሐንዲስ እንድሪስ ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ አዲስ አበባ መቅረት ይችሉ ነበር። እናታቸውን ለመጦር ሲሉ እዚሁ ከሚሴ መጡ። ያን ጊዜ ከሚሴ መብራት አልገባላትም። አንድ ነጋዴ በከተማው ዳር የዘይት መጭመቂያ ሲያቋቁም የእንፋሎቱን መሥመር እንዲነድፉለት ቀጠራቸው። እንፋሎቱ ከማፍያው ተነሥቶ በብረት ቧንቧ ወደ መጭመቂያው ክፍል ይመጣና የተፈጨውን ኑግ ያሞቃል። መጭመቂያው ላይ የምሠራው እኔ ነበርሁ።

በንድፋቸው ቧንቧው መሐል ላይ ወደ ጎን ታጥፎ፣ ዞሮ፣ እንደገና መንገዱን ይይዛል። ነጋዴው አልወደደውም።

«ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል ምን ያዞረዋል?»

«ብረት ሲግል ይረዝማል» አሉት። «ሁለቱ ጫፎች ግንብ ውስጥ ተይዘዋል። መርዘሚያ ካጣ ወይ ግንቡን ይገፋል፣ ወይ ራሱ ይሰበራል። እጥፋቱ ግን ይለጠጥለታል።»

እናታቸው ታመው እሳቸው ጨፋ ሮቢት ሲያስታምሙ በሰነበቱበት ሳምንት ነጋዴው ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ በጋዝ አስበየደው። መሐንዲሱ ሲመለሱ የመጭመቂያው ምረቃ እንግዶች ተሰብስበዋል። ቧንቧውን አይተው «እሳቱ አይነድ፤ ሰው ይጎዳል» አሉ። ነጋዴው በሰው ፊት «ሥራዎ አብቅቷል፣ ይሂዱ» አላቸው።

አልሄዱም። ቧንቧው ሥር ኑግ ወደሚያበጥሩት ሴቶች ዘንድ ገቡ። «አስ ሂን ታኢና» አሏቸው፤ እዚህ አትቀመጡ ማለታቸው ነው። አንዷ አሮጊት «ጥላው ያለው እዚህ ነው፣ ልጄ» ስትል ከረጢቷን ራሳቸው ተሸክመው ውጭ ዛፍ ሥር አኖሩላት። ሌሎቹንም እንዲሁ። ነጭ ሸሚዛቸው ጠቆረ፣ እንግዶቹም ሳቁ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «አሊ፣ ወላሂ ይሄ ቧንቧ አይችልም። ና ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ።

እሳቱ ነደደ። እንግዶቹ ገና ሻይ እየጠጡ ሳለ ቧንቧው ከግንቡ አጠገብ ተሰነጠቀ፤ እኔ እቆምበት የነበረው ክፍል በእንፋሎት ተሞላ። አንድም ሰው አልተቃጠለም።

በማግሥቱ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ነጋዴው ይቅርታ ሊጠይቃቸው አፉን ሲከፍት «ግንቡ ብዙ አልተጎዳም፤ የእጥፋቱን ክርኖች እናምጣ» ብለው ሥራ ጀመሩ። እጥፋቱ ተበየደ። እሳቱ እንደገና ሲነድ ሴቶቹን ጠርተው ቧንቧው በመደገፊያው ላይ ቀስ ብሎ ሲንሸራተት አሳዩአቸው። «አያችሁ? ይሄዳል፣ ሲበርድም ይመለሳል። ካልከለከሉት ማንንም አይጎዳም።» ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያች ቀን በኋላ ያቺ አሮጊት ስማቸውን ያለ ምርቃት ጠርታ አታውቅም።

ጋሽ እንድሪስ፣ ዛሬ አፈር ሲለብሱ አካፋ ይዤ ቆሜ ነበር። እጄ ሠራ፣ ሰውም «አላህ ያጥናህ» አለኝ፣ እኔም «አሚን» አልሁ። ልቤ ግን ገና አልሰማም። ሲሰማ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ልጆቼ ግን አባት አላቸው፣ እሱም በአንቱ ምክንያት ነው። ደህና ይሁኑ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ።